ለአመነች ድግስ የታወጀው ጾም

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ጴጥሮስና ባለቤቱ ሶዶ ያለው ቤቴ ለምሳ መጡ። ኩርኩፋ ሠርቼ ጠበቅኳቸው። የበቆሎ ዱቄቱን በእጄ ድብልብል አድርጌ፣ ከጎመን ጋር ቀቅዬ፣ ቅቤ ጠብ አድርጌበታለሁ። ጴጥሮስ ከልጅነቱ ጀምሮ ኩርኩፋ ፊቱ ከቀረበ ወሬ አያውቅም። ዳጣውን ከትንሿ ጥቁር የሸክላ ጣባ እያጠቀሰ፣ ግንባሩን ላብ እስኪያጠምቀው በላ። ከዚያ እጁን ታጠበና ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጣበትን ተናገረ።

«የናሆምን ነገር በጸሎት ይዘነው ነበር» አለኝ። ናሆም የበኩር ልጁ ነው። ላግባት ያለው የጓደኛዬን የጸጋነሽን ልጅ ሊዲያን ነው። «ብዙ ጸለይንበት፤ ግን ሰላም አላገኘንበትም።»

ባለቤቱም አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጌታ ያልፈቀደውን ምን እናደርገዋለን» አለች።

ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም፤ አውቀዋለሁ። ሊዲያ ነርስ ናት። ጴጥሮስ አምና ታሞ የተኛ ጊዜ ጠዋትና ማታ እየመጣች መርፌውን የወጋችው እሷ ናት። ያኔ ሰላም አጣሁ አላለም። አሁን ግን ነገሩ ማዕድና አልጋ ሆነ፣ የልጅ ልጅ ሆነ፤ ስለዚህ ጸሎት ተያዘ። ተናድጄ ቢሆን ኖሮ እጮህበት ነበር፤ ንዴት አልነበረም፣ አቅለሸለሸኝ። ያ ማቅለሽለሽ ደግሞ አዲስ አልሆነብኝም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አግኝቶኝ ነበር።

ያደግነው ወላይታ ውስጥ፣ ከበዴሳ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ነው። ጸሎት ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የሰባኪው ድምፅ ከነጭራሹ አይሰማም፣ ሲያባራ ግን ከተወው ቦታ እንደገና ይጀምራል። ወንበሮቹ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ ስለነበሩ ስብከት በረዘመ ቁጥር ቀሚሳችን ላይ ሙጫ ይዘን እንነሳ ነበር። እኔ ከመዘምራኑ አንዷ ነበርኩ፤ ጸጋነሽም ከጎኔ ትቆም ነበር። ከሁላችንም የሷ ድምፅ ያምር ነበር፤ ይህን ለመናገር ያኔ ቅናት ይይዘኝ ነበር፣ አሁን ለቀቀኝ።

የጸጋነሽ እናት አመነች ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ሸክላ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። ቤታቸው ሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ወንዝ ዳር፣ ከሌላው መንደር ነጠል ብሎ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ በወላይትኛ መጠሪያ አላቸው፤ እኔ ግን ያንን ቃል ስድብ ሆኖ እንጂ ስም ሆኖ ሰምቼው ስለማላውቅ እዚህ አልጽፈውም። ሰው ከእነሱ ጋር አይጋባም፣ ቤታቸው ገብቶ አይቀመጥም፣ ከእጃቸው አይበላም። ገበያ ላይ እንኳ አመነች ድስቱን መሬት ታስቀምጣለች እንጂ ከእጇ የሚቀበላት የለም። ገዢው በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ካልተሰነጠቀ ይዞ ይሄዳል። አፈሩን ረግጣ፣ በእጇ ለውሳ፣ ውስጡን በመዳፏ ዳብሳ ያለሰለሰችውን ድስት ዕድሜ ልካቸውን ይበሉበታል። በዚያው እጅ የተቀነጠሰ ጎመን ግን ያስጠይፋቸዋል። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ታዲያ ጸሎት ቤት ውስጥ «ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን» ይባል ነበር። ይዘመርም ነበር፤ እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ዘምሬዋለሁ። ጉባኤ ሲደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ሲያበስሉ፣ አመነች ቢላዋ ይዛ ብቅ ካለች አንዷ ፈጠን ብላ «እህት አመነች፣ አንቺማ በጸሎት አገልግይን» ትላታለች። እኛ ጎመን ስንከትፍ፣ ጎዳሬ ስንልጥ፣ እሷ ጥግ ተንበርክካ ትጸልይልናለች። እኔ ደግሞ ትልቅ ክብር የተሰጣት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት መውጫ ጸጋነሽ ታመመች። ትኩሳቱ አልለቃት ሲል በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጧት፤ በሶዶ በኩል አድርገው ዱቦ ሆስፒታል ወስደው አስተኟት። እውነቱን ልናገር፣ ምእመኑ ያኔ ከልቡ ጸልዮላታል። እናቴ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ የዋለችበት ቀን አለ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ብደብቅ ግፍ ይሆንብኛል። ለአመነች ልጅ ሕይወት እንዲያ ያለቀሱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በኋላ ያደረጉትን ያደረጉት።

ጸጋነሽ ድና መጣች። ፀጉሯ ሳስቷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ግን ቆማ ዘመረች። በእኛ ዘንድ እንዲህ ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው የምስጋና ፕሮግራም ያደርጋል፤ ምእመኑን ቤቱ ጠርቶ፣ አብረው ዘምረው፣ አብልቶ ይሸኛል። አመነች እሁድ ምስክርነት ላይ ተነሳችና «ረቡዕ ቤቴ ኑ፤ ያመሰገንኩበትን ቅመሱልኝ» አለች። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸ። አንድም ሰው ዓይኑን አላሸም። አመነች ያንን ሃሌ ሉያ አመነችው፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ የልጇን መዳን ብቻ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከእጇ ሊበላ ነው።

በማግስቱ ቤታቸው ብሄድ ግቢው በትንንሽ ጣባ ተሞልቶ አገኘሁት። ልጇ ከዳነች ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ አዲስ ጣባ ሠርታ፣ በድንጋይ አሽታ፣ በእሳት አጥቁራ ደርድራቸዋለች። የተቃጠለ ገለባና የትኩስ ሸክላ ሽታ ገና አልጠፋም። «ሁሉም በየራሱ ጣባ ይበላል፤ ከዚያ ቤቱ ይዞት ይሂድ፣ ማስታወሻ ይሁነው» አለችኝ። ዓይኗ ከጭሱ ቀልቶ ነበር፤ እየሳቀች ነው የምትናገረው።

ረቡዕ ሰማዩ የጥቅምት ሰማይ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ከረፋድ ጀምሮ የሚለበልብ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ማንም ግን ቤት አልገባም፤ «ነፋሱ ይሻላል» እየተባለ ሁሉም ደጅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዘመርን። ጸጋነሽ መሰከረች። ሴቶች አለቀሱ። ከዚያ አመነች ከቤት ትልቁን ድስት ይዛ ወጣች፤ ኩርኩፋ ነው፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። ከኋላዋ ጸጋነሽ የተቀቀለ የቦዬ ሥርና ዳጣ ይዛ ተከተለች። ሽታው ሲደርሰኝ አፌ ውኃ ሞላ።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ የተነሱት ያኔ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ «ወገኖቼ፣ ዛሬ ማለዳ ሽማግሌዎች ስንጸልይ ጌታ በልባችን ጾም አኖረ» አሉ። «ለአገር ሰላም። ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት በስተቀር ማኅበሩ ሁሉ እስከ ማታ ይጾማል። እህታችን፣ ቅር እንዳይልሽ፤ ጌታ መዓዛውን ተቀብሎታል።»

«አሜን!» አለ ሰዉ ሁሉ።

ብዙ አሜን ሰምቼ አድጌያለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ጸሎቱ ሳያልቅ ቀድሞ የወጣ፣ ሸክም የወረደለት ሰው ትንፋሽ ያለበት አሜን ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች በነጠላቸው ሥር እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ አየሁ። ኩርኩፋው ፊታችን ይጨሳል፣ ጋሽ ማቴዎስ በላዩ ላይ ረጅም ጸሎት ይጸልዩበታል፣ ዝንብ ይመጣል፣ አመነች በእጇ እሽ እሽ ትላለች።

ሲነሱ አመነች ጣባዎቹን እያየች «እንግዲያስ እነዚህን እንኳ ውሰዱ፤ ለእናንተው የሠራኋቸው ናቸው» አለች። ወሰዷቸው! ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ። ያልበሉበትን ጣባ ጎንበስ እያሉ መረጡ፤ አንዳንዶቹ እንደ ገበያ ኳ ኳ አድርገው ድምፁን ሰሙ። እናቴም አንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። አመነች በር ድረስ እየሸኘቻቸው «ማታ ጾሙ ሲፈታ ተመለሱ፤ አሙቄ እጠብቃለሁ» ትላለች። እነሱም «ጌታ ቢፈቅድ» ይሏታል።

እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጸጋነሽ ከቤቱ ጀርባ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ መሬቱን በእንጨት ትጭራለች። ምን እንደምላት ቢጠፋኝ «ራበኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሮጣ ሄዳ አንድ ጣባ ሙሉ ይዛልኝ መጣች። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ በእውነት ርቦኝ ነበር፣ በዚያ ላይ ቅቤው ልቤን ወስዶታል። ጣፋጭ ነበር። ጣባውን ጠርጌ በልቼ ጨመርኩ። አመነች ግድግዳው ጥግ ቆማ ስበላ ታየኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። እናቴና ጴጥሮስ ስኳር ድንች ይበላሉ።

«ጾሙስ?» አልኩ።

«ጌታ ልብን ነው የሚያየው» አለች እናቴ እየላጠች። «ነይ ብዪ፣ ርቦሻል።»

«በልቻለሁ።»

«የት?»

እጄን ያዘችና አሸተተችው፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ፊቷ ልውጥውጥ አለ። ጎትታ ደጅ አወጣችኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሬን እስኪያመኝ ጠረገችው፣ በጣሳ ውኃ አመጣችና «ተጉመጥመጪ! ደግመሽ!» አለችኝ። ያ ጣሳ ከዚያ ቀን በኋላ የዶሮ መጠጫ ሆነ። ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሞ ድንቹን እያኘከ «አስቱ ሸክላ ልትሆን ነው! ጭቃ በላች!» እያለ ይስቃል። ያች እናቴ ናት ለጸጋነሽ ውኃ ሳትቀምስ የዋለችው። እወዳታለሁ፤ ነፍሷን ይማርና ዛሬም እወዳታለሁ። ያን ቀን ግን አጠገቧ መተኛት ቀፈፈኝ።

ማታ ማንም አልተመለሰም። ሐሙስም፣ ዓርብም። ጸጋነሽ እንደነገረችኝ እናቷ ድስቱን በእንሰት ቅጠል ሸፍና አስቀመጠችው፤ «ይጣል» ስትላት «የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው» ትላታለች።

እሁድ የመከር መባ ነበር። በመከር ጊዜ ምእመኑ ካመረተው ያመጣል፤ ሙዝ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ከምስባኩ ፊት ይደረደራል፣ ይባረካል፣ ከአምልኮ በኋላ ጨረታ ይወጣበታል። አመነች ሁልጊዜ ሸክላ ነበር የምታመጣው፤ ሸክላዋም ተፈላጊ ነው። ያን ዕለትም በእንሰት ቅጠል የታሰረ ድስት በራሷ ተሸክማ መጣችና ከሙዙ አጠገብ አስቀመጠችው። እኛ መዘምራኑ ቅርብ ስለነበርን አንድ ነገር ሸተት ይለናል፤ ዶሮዎቹ መስሎን ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ መባውን እየባረኩ መጡና እጃቸውን ድስቱ ላይ ጫኑ። «ጌታ ሆይ፣ የዚህችን እህት የእጅ ሥራ ተቀበል፤ መልካም ሽታ ይሁንልህ» ብለው ጸለዩ። ከዚያ ድስቱን ለተጫራቾች ሊያሳዩ ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ።

ሽታው እንደ ሰው ወጥቶ ቤቱ መሃል ቆመ። ኮምጥጦ፣ ሻግቶ፣ ቅቤው ተበላሽቶ፣ ላዩ አረንጓዴ አውጥቶ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫኑ፤ አንድ ሕፃን አስመለሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

አመነች ከበሩ አጠገብ ካለው ቦታዋ ተነሳች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጾሙ እስኪፈታ አስቀምጬላችሁ ነው ጋሼ» አለች። «የምስጋናው ነው። የእናንተው ድርሻ ነው።»

«ሸቷል እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዛሬማ ሸቷል። ዛሬ ብትጠየፉት አልፈርድባችሁም። ረቡዕ ግን ሸቶ ነበር?»

አመነች ፊቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረች ጠበቀች። መልስ የፈለገችው የምሯን ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እንዲነግራት ትፈልጋለች። ከጎኔ ያለችው የጸጋነሽ ክንድ ክንዴን ይነካኛል።

«አልሸተተም» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የኔው ነበር። «በልቻለሁ። ሁለቴ ነው የበላሁት። ቅቤውም ብዙ ነበር።»

የሞኝ ምስክርነት ነው፣ የሆድ ምስክርነት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እናቴ ከሴቶቹ ወንበር በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

ጋሽ ማቴዎስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «እንጸልይ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ያን ቃል እንደ መጠለያ ሮጦ ገባበት፤ ዓይኖች ባንዴ ተጨፈኑ። ስለ ማኅበሩ አንድነት ጸለዩ፤ ስለ ትዕግሥት ጸለዩ፤ ሰይጣንን ገሠጹ። እኔ አልጨፈንኩም። አመነች ወደ ፊት መጥታ ቅጠሉን መልሳ ስትሸፍነው፣ ጸጋነሽ ከመዘምራን መሃል ወጥታ የድስቱን አንዱን ጆሮ ስትይዝላት፣ ሁለቱ በተጨፈኑት ሰዎች መሃል አልፈው ሲወጡ አየሁ። አሜን ሲባልና ዓይን ሲገለጥ ቦታው ባዶ ነበር። ሙዙ ጨረታ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አይመጡም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ግን አመነች ከበሩ አጠገብ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መንገድ ላይ ጠብቄ «አዬ አመነች፣ ለምን መጣሽ?» አልኳት። አዬ በቋንቋችን እናት ማለት ነው፤ እንደዚያ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጦሳ የእነሱ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ እግዚአብሔርን ማለቷ ነው። «ልጄን የመለሰልኝ እሱ ነው። እነሱን ብዬ አልመጣሁ፣ እነሱን ብዬ አልቀር።» ትንሽ ሄድ ብላ ዞር አለች። «ለእናትሽም እጸልያለሁ። ጠልቼያት እንዳልሞት ነው የምጸልየው፤ ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም።»

ጸጋ የሚባለውን ነገር በስብከት ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ ሳስበው የሚመጣልኝ ያ መንገድ ነው፤ የደረቀ የቀይ አፈር ጭቃ፣ አንዲት ሴት ሸክላ ያሻከረው እጇን እያሻሸች ከባድ ነው ስትለኝ። ለእሷ ከባድ ነበር። ለእነዚያ ግን እንዴት ቀለላቸው! ጸሎት እንደ ነጠላ ነበር፣ አፍንጫቸው ላይ ይጭኑታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስታወስኩት ቅዳሜ ዕለት፣ ጴጥሮስ ፊቴ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። አሁን ጾም አይታወጅም፤ ጊዜው ተሻሽሏል። አሁን «ሰላም አላገኘንበትም» ይባላል። ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ የሰው ውስጥ ገብቶ ሰላሙን የሚፈትሽ የለም።

«በይ አስቱ፣ ጸልየን እንለያይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ስለ በላነው ማዕድ አመሰገነ፤ ያዘጋጀውን እጅ ባርክ አለ። እኔ ዓይኔን ገልጬ ዳጣ የተረፈባትን ትንሿን ጣባ አያለሁ። ጨረሰ። ባለቤቱ አሜን አለች። እሱ የኔን ጠበቀ፤ አልመጣ ሲለው ዓይኑን ገለጠ።

«ይቺን ጣባ ታውቃታለህ?» አልኩት።

«የእማማ ናት። ስንበላባት አይደል ያደግነው።»

«እማማ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣቻት እንጂ አልሠራቻትም። የሊዲያ አያት ናት የሠራቻት።»

ጣቶቹን አየ፤ ዳጣው ጥፍሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ባለቤቱ ቦርሳዋን ፈለገች። ወጡ፣ እኔም እስከ በር አልሸኘኋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ አስተዳደጌ አይፈቅድም፤ አደረግሁት።

ማታውን ናሆምን አነጋገርኩት፤ ሐሳቡ አልተለወጠም። ከዚያ ለጸጋነሽ ደወልኩላት። አባትየው ቢመጣም ባይመጣም፣ የሚመጣው ሳምንት እሁድ እኔ አክስቱ ልጁን ይዤ ለሽማግልና ቤትሽ እመጣለሁ አልኳት። ከበስተኋላዋ ቴሌቪዥን ይሰማኛል።

«አስቴር» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እሁድ… ጾም የላችሁም?»

ሳቀች መሰለኝ። አልሳቀችም ይሆናል፤ አላውቅም።

«ርቦኝ ነው የምመጣው» አልኳት። «ኩርኩፋ ሥሪ። ቅቤውን እንዳትሰስቺ።»